የተክል ሥር እድገትንና የአፈር ሀብት አወሳሰድን በኮምፒውተር ለማስላት የትኛው ፕሮግራም ይመረጥ? ኦፕንሲምሩት፣ ሲፕላንትቦክስ፣ ሃይድረስ እና አኳክሮፕ ሲነጻጸሩ

የተክል ሥር ከመሬት በታች ስለሚያድግ ሥራውን በዓይን መከታተል አይቻልም፤ ቆፍሮ ማየትም ተክሉን ማጥፋት ነው። ስለዚህም ሥር እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ውሃና ንጥረ ነገርን ከየትኛው የአፈር ንብርብር ምን ያህል እንደሚወስድ የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ለሰብል አሻሻዮች፣ ለመስኖ ባለሙያዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አስፈላጊ መሣሪያ ሆነዋል። ፕሮግራሞቹ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው በስክሪን ላይ በሚታየው የሥር ምስል ውበት ነው፤ በእኔ እምነት መጀመር ያለበት ግን በማሳው ላይ ሰብሉን በእርግጥ የሚገድበው ውሃ ነው፣ ናይትሮጅን ነው ወይስ ፎስፎረስ ከሚለው ጥያቄ ነው።

ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ነው። ናይትሬት በውሃ ውስጥ ሟሙቶ አብሮ ይጓዛል፤ ዝናብ ሲበዛም ወደ ታች ይታጠባል፤ ስለዚህ ከሥሩ በርካታ ሴንቲሜትር የራቀ ናይትሬት እንኳ ከውሃው ጋር ወደ ሥሩ ሊደርስ ይችላል። ፎስፎረስ በአንጻሩ ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል፤ በተለይ በብዙ የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሚገኘው አሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ይያዛል። ሥሩ ዙሪያውን ካለው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ርቆ የሚገኘውን ፎስፎረስ እምብዛም አያገኘውም። እንግዲህ አፈርን በአምስት ሴንቲሜትር ንብርብር ከፋፍሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ለውሃ ጥያቄ በቂ መልስ ሊሰጥ ቢችልም፣ በሥር ፀጉር ደረጃ ስለሚካሄደው የፎስፎረስ አወሳሰድ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ኦፕንሲምሩት እና ሲፕላንትቦክስ

ሥርን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ በሦስት አውታር (በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት) ከሚስሉት ፕሮግራሞች መካከል በቅድሚያ የሚነሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ኮዳቸውም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው።

ኦፕንሲምሩት መነሻው በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በጆናታን ሊንች የምርምር ቡድን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሲምሩት ነው፤ ክፍት ኮድ ያለው ቅርጹ በ2017 ይፋ ሆነ። ትልቁ ጥንካሬው የሥሩን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የካርቦን ወጪውንም አብሮ መቁጠሩ ነው፤ ተክሉ አንድ ተጨማሪ ሥር ሲያወጣ ምን ያህል ካርቦን እንደሚያወጣና በምትኩ ምን ያህል ፎስፎረስ ወይም ናይትሬት እንደሚያገኝ ያሰላል። ለፎስፎረስ በእያንዳንዱ የሥር ቁራጭ ዙሪያ ለብቻው ስሌት ስለሚሠራና የሥር ፀጉርንም ስለሚያካትት፣ ቀደም ሲል ላነሣሁት የሚሊሜትር ችግር የተዘጋጀ መልስ አለው። የዚህ ዓይነቱ ስሌት ጥቅም በቦሎቄ ላይ በግልጽ ታይቷል፦ ፎስፎረስ በላይኛው የአፈር ንብርብር በተከማቸበት ሁኔታ ወደ ጎን የሚዘረጉ ሥሮች ያሉት ተክል፣ ሥሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች ከሚወርዱት ይልቅ ለሚያወጣው ካርቦን የተሻለ ፎስፎረስ ያገኛል። ውሃ በሚያጥርበት ማሳ ግን ጥልቁ ሥር ይመረጣል። እንዲህ ያለውን የጥቅምና የጉዳት ሚዛን ለመመርመር ለሚፈልግ የሰብል አሻሻይ ከኦፕንሲምሩት የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ደካማ ጎኑም መነገር አለበት። የመስኮትና የአዝራር ገጽታ የለውም፤ ተጠቃሚው ረዘም ያሉ የኤክስ ኤም ኤል ፋይሎችን (በምልክት የተደራጁ የጽሑፍ ፋይሎችን) በእጁ አስተካክሎ ፕሮግራሙን በትእዛዝ መስመር ያስነሣል፤ ምስሉንም ፓራቪው በተባለ ሌላ ነፃ ፕሮግራም ይከፍታል። ኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ተማሪ ያለ ረዳት ቢጀምረው ብዙ ጊዜ ያጣል። ውሃና ናይትሬት አብረው ሲሰሉም የአንድ ተክል ስሌት በተራ ላፕቶፕ ላይ ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ሲፕላንትቦክስ በጀርመን የዩሊኽ የምርምር ማዕከል የሚሠራ ሲሆን፣ ማትላብ በተባለው የስሌት ፕሮግራም ላይ ከተጻፈው ሩትቦክስና በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ሲሩትቦክስ የተወለደ ነው። ውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም የሚታዘዘው ፓይተን በተባለው ቀለል ያለ ቋንቋ ስለሆነ፣ ፓይተን የሚያውቅ ሰው በጥቂት መስመር ኮድ አንድ ሥርዓተ ሥር አሳድጎ ማየት ይችላል። ለመማር ከሁለቱ ይኸኛው ይቀላል።

ፓራሜትሮቹ፣ ማለትም ተጠቃሚው ስለ ሥሩ ለፕሮግራሙ የሚሰጣቸው ቁጥሮች፣ ምን እንደሚመስሉ በአንዱ እንይ። ለእያንዳንዱ የሥር ዓይነት የመነሻ ፍጥነትና ከፍተኛ ርዝመት ይሰጣል፤ እድገቱም ወደ ከፍተኛው ርዝመት በቀረበ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። የመነሻ ፍጥነቱ በቀን 2 ሴንቲሜትር፣ ከፍተኛ ርዝመቱ 100 ሴንቲሜትር የተባለ ሥር በ10ኛው ቀን 20 ሳይሆን 18 ሴንቲሜትር ያህል፣ በ50ኛው ቀን ደግሞ 100 ሳይሆን 63 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ላይ ቅርንጫፍ የማያወጣው የሥር ጫፍ ርዝመት፣ በቅርንጫፎች መካከል ያለው ርቀት፣ የመውጫ አንግልና ሥሩ ወደ ታች የመሳብ ዝንባሌው ይጨመራሉ። እያንዳንዱ ቁጥር አማካይና ልዩነት ስላለው፣ አንድ ጊዜ ያሳደጉት ሥር ከዕድል ጋር የተያያዘ አንድ ናሙና ነው፤ ስሌቱን ደጋግሞ አማካዩን ሳይወስዱ ሁለት ዝርያዎችን ማነጻጸር አይገባም። ይህ ማሳሰቢያ ለኦፕንሲምሩትም ይሠራል።

የሲፕላንትቦክስ ጉድለት የአፈሩ በኩል ነው። የአፈር ውሃ እንቅስቃሴን በሙሉ ለማስላት ዱሙክስ ከተባለ ሌላ ፕሮግራም ጋር መያያዝ አለበት፤ ይህን ማያያዣ በትክክል መጫን ሊኑክስ ለለመደ ሰው እንኳ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ውሃ ብቻ ለሚያሳስበው

ጥያቄው የመስኖ ከሆነ የእያንዳንዱ ሥር ምስል የግድ አያስፈልግም። ሃይድረስ የአፈርን ውሃ እንቅስቃሴ በሪቻርድስ እኩልታ (ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በሚገልጽ ቀመር) በዝርዝር ያሰላል፤ ሥር ግን በውስጡ ውሃ የሚወስድ ንብርብር ብቻ ነው። የሚጠቀምበት የፌደስ ቀመር አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ሳይሆን በውሃ ሲጥለቀለቅም የሥርን አወሳሰድ ስለሚቀንስ፣ በክረምት ውሃ ለሚያቁር መረሬ አፈር ተስማሚ ነው። ሃይድረስ ዋን ዲ የሚባለው ባለ አንድ አውታር እትም በነፃ የተሰራጨ ሲሆን በዊንዶውስ ላይ በአዝራር ይሠራል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት አውታሩ እትም በፕራግ ባለው ፒሲ ፕሮግረስ ኩባንያ በክፍያ ይሸጣል። ውሃው በቦይ ወይም በጠብታ መስኖ ወደ ጎን የሚሰራጭበትን ሁኔታ ለሚያጠና ክፍያው ተገቢ ነው፤ ወደ ታች ብቻ የሚሰርግ ውሃን ለሚያጠና ግን ነፃው ይበቃል።

አኳክሮፕ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሥርን የሚያውቀው በጥልቀቱ ብቻ ነው፤ የሥሩን ዞን በአራት እኩል ከፍሎ ከላይ ወደ ታች 40፣ 30፣ 20 እና 10 በመቶ ውሃ እንደሚወሰድ በቅድሚያ ያስቀምጣል። ለአገራችን ተጠቃሚ ግን ሌሎቹ የሌላቸውን ነገር ይዟል፦ የጤፍ ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣል። የመዝሪያ ቀንን ወይም የመስኖ መርሐ ግብርን ለሚወስን የወረዳ ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የአፈር ለምነትን ግን በደምሳሳው ስለሚያስተናግድ፣ በሄክታር ይህን ያህል ኪሎ ማዳበሪያ ቢጨመር ምርቱ ስንት ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ለእርሱ ማቅረብ አግባብ አይደለም። ለእንዲህ ያለው የናይትሮጅን ጥያቄ ዲሳት ወይም አፕሲም የተባሉትን የሰብል እድገት ማስሊያ ፕሮግራሞች መመልከት ይሻላል።

ውሃ ከአፈር ወደ ሥር፣ ከሥርም በሥሩ ቧንቧ ወደ ግንድ ሲጓዝ የሚገጥመውን የፍሰት እንቅፋት ለማጥናት የሚፈልግ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አር-ኤስ ደብሊው ኤም ኤስ የተባለውን ፕሮግራም ይመልከት፤ ለሌላው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ከመወሰን በፊት የመረጃውን ወጪ ማስላት ይገባል፤ ነፃ ፕሮግራም ላይ ትልቁ ወጪ ይኸው ነውና። ለጤፍ ወይም ለአንድ የአገር ውስጥ የስንዴ ዝርያ የሦስት አውታር ሥር መሥራት የሚሻ ሰው የቅርንጫፍ ርቀቱንና የመውጫ አንግሉን ራሱ ለመለካት መዘጋጀት አለበት። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ተክሉን ከነአፈሩ በአካፋ ነቅሎ፣ ሥሩን በውሃ ቀስ ብሎ አጥቦ፣ አንግሉን በፕሮትራክተር መለካት ይቻላል፤ ፎቶ አንሥቶ ስማርትሩት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ርዝመቱን መከታተልም ይቻላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ግን የላይኛው ሥር ብቻ ነው፤ ጥልቁን ለማግኘት በቱቦ የአፈር ናሙና ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ጊዜና የሰው ኃይል የሌለው ሰው በአኳክሮፕ ወይም በሃይድረስ ቢጀምር፣ ባልተለኩ ፓራሜትሮች ከተሞላ ሦስት አውታር ሥር ይልቅ የሚታመን ውጤት ያገኛል።