ከኡሁሩ ፓርክ እስከ ካሩራ ደን፦ የአንድ ቀን ጉብኝት ግምገማ

ባለፈው ወር ናይሮቢ ውስጥ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት በሚያዘጋጀው፣ የኬንያዊቷን የአካባቢ ጥበቃና የመብት ታጋይ የዋንጋሪ ማታይን የትግል ቦታዎች በሚያሳየው የአንድ ቀን ጉብኝት ከእህቴ ጋር ተሳትፌ ነበር። መኪናው ንጹሕ፣ ሾፌሩ ሰዓት አክባሪ፣ ምሳውም ጥሩ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ለታሪኩ ስለሆነ የምመዝነው የታሪኩን አነጋገር ነው።

መነሻው ኡሁሩ ፓርክ ነው፤ ኡሁሩ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በዚህ መናፈሻ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃና የፕሬዚዳንት ሞይ ሐውልት ሊቆም ሲታቀድ፣ ማታይ ለባለሥልጣናትና ለውጭ ገንዘብ ሰጪዎች ደብዳቤ እየጻፉ ተቃወሙ። በፓርላማ ተዘለፉ፤ በ1977 የመሠረቱት፣ ሴቶችን አስተባብሮ ዛፍ የሚያስተክለው የግሪን ቤልት ንቅናቄም ቢሮውን እንዲለቅ ተደረገ፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀረ። አስጎብኚው ይህን ሁሉ አጥርቶ ተረከልን።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያው መናፈሻ «የነፃነት ጥግ» ከሚባለው ስፍራ ነው፤ እዚያ አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየንም። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻቸው እንዲፈቱ የረሃብ አድማ የመቱት በዚሁ ስፍራ ነበር። ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጋዝ ሊበትናቸው ሲመጣ አንዳንዶቹ እናቶች ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በእናት ዕድሜ ያለች ሴት ይህን ማድረጓ በዚያ አገር ከባድ እርግማን ነው። ማታይም ተደብድበው ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። እናቶቹ አጠገቡ ባለው ኦል ሴንትስ ካቴድራል ተጠልለው ትግላቸውን ቀጠሉ፤ አብዛኞቹ እስረኞች በ1993 መጀመሪያ ተፈቱ። አስጎብኚውን ይህን ለምን እንደዘለለው ስጠይቀው፣ «የእኛ ጉብኝት ስለ ዛፍ ነው» አለኝ። መልሱ አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም ከዘጠኝ ሰው በላይ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በሚከለከልበት ዘመን፣ ሴቶች ችግኝ ለማፍላት መገናኘታቸው ራሱ የመብት ጥያቄ ነበር።

ካሩራ ላይ ግን ጉብኝቱ ነፍስ ዘራ። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነውን ይህን ደን መንግሥት ለወዳጆቹ እየሸነሸነ ሲያድል፣ ማታይና ጓደኞቻቸው ከ1998 ጀምሮ ችግኝ ተሸክመው ይገቡበት ነበር። ጥር 8 ቀን 1999 የተቀጠሩ ሰዎች የማታይን ጭንቅላት ፈነከቱ፤ በፖሊስ ጣቢያ የክስ ቃላቸውን የፈረሙት ከቁስላቸው በሚወርደው ደም ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሞይ የሕዝብ መሬት ማደልን ከለከሉ። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ አለ። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ የረገፈውን ቅጠል በጣቱ ገለጥ አደረገና፣ የዘሯን ቅርፊት ገና ያልጣለች ባለ ሁለት ቅጠል ቡቃያ አሳየን። እህቴ አጎንብሳ ብዙ ቆየች፤ ማንም አላጣደፋትም።

ጉብኝቱ ገንዘቡ ይገባዋል። ቀይ አፈሩ ከዝናብ በኋላ ስለሚያዳልጥ ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ቦታ ስትይዙም በነፃነት ጥግ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ካቴድራሉ በእግር የሚደረስበት ነውና የእናቶቹን መጠለያም እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ።