ለጋሼ፣ ለልጆቻቸውና ለቶርኖ ቤቱ ወንድማችን፦ የቮልሷን የፊት እግር በልክ ስለሠራችሁልን

ይህ ምስጋና አዲስ አበባ ውስጥ የአሮጌ ቮልስ እግር ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ አብረዋቸው ለሚሠሩ ሁለት ልጆችና መፍቻ መሣሪያውን ላበጀልን የቶርኖ ባለሙያ ነው። ጋሼ ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ ላይ እንዲለጠፍ አልፈቀዱም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ሥራቸውን ግን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። «ጎበዝ ነው፣ ሂዱ» ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምም። ምን እንደለኩ፣ ምን እንደቀየሩና ምኑን «አልቀይርም» እንዳሉ ያወቀ ሰው ግን የራሱን መካኒክም ደህና አድርጎ መጠየቅ ይችላል።

መኪናዋ የ1970 ቮልስ 1300 ናት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ሞዴሉን ያስቀደምነው ዕቃ የሚገዛ ሰው እንዳይሳሳት ብለን ነው። እስከ 1965 ሞዴል ያሉት ቮልሶች የፊት እግራቸው ባለ ፔርኖ (ጎማው የሚታጠፍበት ቋሚ ብረት) ነው። 1300 በ1966 ሞዴል ሲመጣ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከአክስሉ ክንዶች ጋር የሚያገናኝ ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ይዞ መጣ። 1302ና 1303 ደግሞ ጭራሽ ሌላ ናቸው፤ የፊቱ አክስል የሆኑት ሁለት አግድም ቱቦዎች ቀርተው ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የቆሙባቸው ናቸው። ስለዚህ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ «የቮልስ ቦል ጆይንት አለ?» ማለት አይበቃም። ሞዴሉን፣ ቸርኬው ስንት ቡሎን እንዳለው (የዚህችኛዋ አራት ነው)፣ ከተቻለም አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ድረስ ስትመረት ስለቆየች የባለ ቦል ጆይንቱ ዕቃ አሁንም አዲስ ይገኛል።

ጋሼን ከሁሉም በላይ የምናመሰግናቸው አንድ ቡሎን ሳይፈቱ በፊት ስላደረጉት ነገር ነው። መኪናዋን አንስተው፣ ከሥር ገብተው፣ አክስሉ የሚታሰርበትን የሻንሲውን ራስ በካቻቪቴና በመዶሻ እጀታ ዳሰሱት። የታችኛው ላሜራ ሦስት ቦታ ላይ ገባላቸው። ውሃና ጭቃ እዚያ ይተኛል፤ ከላይ ቀለም ተቀብቶ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ዝገት በልቶታል። እንዲህ ያለ ሻንሲ ላይ አዲስ እግር መግጠም ብር መጣል ነው፤ አክስሉ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይነቃነቃል፣ አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ) ከሳምንት በላይ አይቆይም። ባትሪውን ፈቱ፣ የቤንዚን ታንኩን አወረዱ፣ የተበላውን ቆርጠው በ2 ሚሊ ላሜራ ተኩ። እዚህ ላይ የሠሩት ብልሃት ሊጻፍ ይገባዋል፦ አሮጌውን አክስል በአራቱ ቡሎኖቹ ቦታው ላይ እንዳሰሩት ነው ብየዳውን ነጥብ ነጥብ አድርገው የጀመሩት። ላሜራ በሙቀት ይሳባል፤ አክስሉ ካልያዘው ቀዳዳዎቹ ሁለት ሦስት ሚሊ ይሸሻሉ፣ መኪናዋም ዕድሜዋን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች።

ቀጥሎ ምርመራው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ክፍተት ተሰማ። ብዙ ቦታ እዚህ ላይ «ቦል ጆይንት ነው» ተብሎ ይፈረዳል። ጋሼ ግን አንዱን ልጅ ፍሬን አስረገጡትና እንደገና ነቀነቁ። ፍሬን ተይዞ ክፍተቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም ክንዶቹ ናቸው። በቀኝ በኩል ጠፋ፣ በግራ አልጠፋም። ክንዶቹን ደግሞ ለብቻ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፍተው አዩ። እያንዳንዱን ውጤት በወረቀት ጻፉት፤ የዕቃው ዝርዝር የወጣው ከዚያ ወረቀት ነው።

የዚህ አክስል ሞላ ሁለቱ ቱቦዎች ውስጥ እንደ ባሌስትራ የተደራረቡ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። መሃል ላይ በአንድ ቪቴ ይያዛሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ክንዶቹ ይገባሉ። ቪቴው በብረቶቹ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉድጓድ በትክክል ማግኘት አለበት፤ ሳያገኝ ከጠበቀ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ብረቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። የዚህች መኪና የታችኛው ቱቦ ቪቴ እንደዚያ ሆኖ ነው የተገኘው፤ ቀድሞ የነካት ሰው ጉድጓዷን ስቷል። ልጆቹ ብረቶቹን አንድ በአንድ አጥበው፣ ስንጥቅ ካለ አይተው፣ ግሪስ ቀብተው፣ እንዳይበታተኑ በሽቦ አስረው መልሰው አስገቡ። ቪቴው ከጠበቀ በኋላ ዳዶውን ማጥበቅም አይረሳ።

ክንዶቹ ውጭ በኩል በመርፌ ኩሽኔታ ላይ፣ ውስጥ በኩል በቡሽ ላይ ነው የሚዞሩት። የውስጠኛው ቡሽ ቱቦው ውስጥ ርቆ ስለሚቀመጥ በመዶሻና በብረት ዘንግ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ቱቦውን ይጭረዋል። የቶርኖ ቤቱ ወንድማችን ለዚህ ብሎ መጎተቻና ጥልቀቱ ምልክት የተደረገበት መግፊያ ዘንግ አበጀ። አራቱም ቡሾች በአንድ ልክ ገቡ። ክንዱ ላይ መርፌዎቹ የሚሄዱበትን ቦታም በማይክሮሜትር ለካ፤ አንዱ ክንድ ተቦርቡሮ ስለነበር «በዚህ ላይ አዲስ ኩሽኔታ አታባክኑ» ብሎ መለሰን። የላይኛውና የታችኛው ኩሽኔታ ልካቸው እንደሚለያይም ልብ በሉ። በመርፌ ኩሽኔታው ፋንታ የፕላስቲክ ቡሽ ማስገባት እንደ ማሻሻያ ይሸጣል፤ ጋሼ አይወዱትም፣ እኛም ተስማምተናል። ክንዱን አጥብቆ ይይዘዋል፣ እግሩም በነፃነት መውጣትና መውረዱን ይተዋል። ፕላስቲኩን የፈቀዱት የግራና የቀኙን እግር በሚያያይዘው ማመጣጠኛ ብረት አራት ላስቲኮች ፋንታ ብቻ ነው፣ እሱም እንዳይጮህ በደንብ ግሪስ ተቀብቶ።

ቦል ጆይንቶቹ የወጡትም የገቡትም በፕሬስ ነው። በመዶሻ የገባ ቦል ጆይንት የክንዱን ቀዳዳ ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ መደበኛው ልክ አይጠብቅም። ሲገባ ደግሞ አካሉ ላይ ያለው ጎድጎድ ክንዱ ላይ ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለበት፤ ቦል ጆይንቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል አይታጠፍም።

መኪናዋን ዝቅ የማድረግ ነገር ተነስቶ ነበር። አክስሉ ላይ የሚበየድ ማስተካከያ አለ፣ መልኳንም ያሳምራል። ጋሼ እንቢ አሉ፣ ምክንያታቸውንም በእጃቸው አሳዩ፦ ክንዱን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲያደርጉት ቦል ጆይንቱ ወደ መታጠፊያው ዳርቻ ደረሰ። ከዚያ በላይ ሲሄድ ብረት ብረትን ይመታል፣ ዕድሜው ያጥራል፣ ሊሰበርም ይችላል። ኮብልስቶንና የፍጥነት ማብረጃ ባለበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ፊቷ ብቻ ዝቅ ሲል የመሪው የኋላ ዘንበልታም (ካስተር፣ ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ወደ ኋላ ማዘንበሉ) ይቀንሳል፤ ፍጥነት ላይ መሪው ይቅበዘበዛል። አሞርዛተሩንም ባለ ጋዝ ሳይሆን ባለ ዘይት መረጡ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው፤ ደረቅ አሞርዛተር ሲገባ በየጉድጓዱ ትዘላለች እንጂ መንገዱን አትይዝም።

ትልቁ ለውጥ ከታምቡር ወደ ዲስክ ፍሬን ነው፤ እግሩ ተፈቶ ሳለ መሠራቱ የጉልበት ዋጋ ይቆጥባል። አንድ ነገር ብቻ እናንሳ። የታምቡር ፍሬን ፖምፓ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ያ ቫልቭ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀራል፣ ዲስኩም ይግላል። ፖምፓው ለዲስክ የሚሆን መሆን አለበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጎማው ተነስቶ ፍሬን ተረግጦ ሲለቀቅ ዲስኩ ወዲያው በእጅ መዞር አለበት።

የጎማው ኩሽኔታ በግሪስ ታጭቆ ከገባ በኋላ ጎማው እየዞረ ዳዶው ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ይላላል፤ ከዳዶው ሥር ያለችው ሮንዴላ በካቻቪቴ ስትገፋ በቀላሉ ስትንቀሳቀስ ልኩ ደርሷል። በመለኪያ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ነው። በግራ በኩል ያለው ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን የማያውቅ ሰው ዳዶውን ለመፍታት ብሎ ይሰብረዋል፤ የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያው ስለሚያልፍ የጫፉ ትንሽ መቆለፊያ ቀድማ መውጣት አለባት። አክስሉ ሲመለስ አራቱ ቡሎኖች በ50 ኒውተን ሜትር ታሰሩ። የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ላስቲክ ሲቀየር በላዩ የሚሻገረውን ሽቦ መልሰው ማሰር አልረሱም። ያ ሽቦ ከተረሳ ጡሩምባው አይሠራም፣ ሰውም ችግሩን ፊውዝ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

አላይመንቱን ያሠሩት ሌላ ቦታ ልከው ነው፣ ቁጥሮቹን ግን ጽፈው ሰጡ፦ የጎማው የላይ ዘንበልታ (ካምበር) ወደ ውጭ ግማሽ ዲግሪ፣ የመሪው የኋላ ዘንበልታ 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ፣ የፊት ጥበት (ሁለቱ ጎማዎች ከፊት በኩል መጠጋጋታቸው) በድምሩ ግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ 3 ሚሊ ገደማ። ቅደም ተከተሉ አይቀያየርም። በላይኛው ቦል ጆይንት ላይ ያለው ጠማማ ቡሽ ተዙሮ የጎማው የላይ ዘንበልታ ይስተካከላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጥበቱ የሚኬደው። ጎሚስታ ዘንድ ደግሞ ነፋሱን እናንተው ንገሩ። በልማድ አራቱንም ጎማ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ይሞሉታል፤ ለዚህች መኪና በ165 ራዲያል ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ነው። ፊቱ 32 ከተሞላ ይህ ሁሉ ሥራ እንዳልተሠራ ሆኖ መሪው ይቀላል፣ መኪናዋም ትንሳፈፋለች።

አክስሉ አራት የግሪስ መስጫዎች አሉት። ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው አዲስ ግሪስ በጫፎቹ እስኪወጣ ይሰጣል፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ። ጋሼ የመጀመሪያውን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ራሳቸው ሰጡ፣ ቡሎኖቹንም ደግመው አዩ፣ ለዚህ አላስከፈሉም።

ወደ እሳቸው ለመሄድ ያሰባችሁ ታንኩ ስለሚወርድ ቤንዚኑን አጉድላችሁ ሂዱ። ዕቃ አስቀድማችሁ አትግዙ፤ ለክተው ዝርዝሩን በወረቀት ይሰጧችኋል። ቀጠሮ ሲሰጧችሁም አታስቸኩሏቸው፣ አንድ መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይፈቱም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ልጆቹም፣ የቶርኖ ቤቱ ወንድማችንም፣ እናመሰግናለን።