ጄሊፊን በሚኒ ፒሲ፣ ከወራት በኋላ፦ ሁሉም ደህና፣ ፊደሉ ግን ሳጥን

ማሽኑ ኢንቴል ኤን100 ያለበት ሚኒ ፒሲ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ በዩኤስቢ የተሰካ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ። ላዩ ላይ ዴቢያን ሊኑክስና ጄሊፊን፣ ማለትም የራስን ቪዲዮና ዘፈን ለሌሎች ዕቃዎች የሚያሰራጭ የሰርቨር ሶፍትዌር፣ ተጭነዋል። ሥራው የሰርግና የክርስትና ቪዲዮውን፣ ከዲቪዲ የተገለበጠውን የድሮ ድራማ፣ ዘፈኑንና ፊልሙን ለሳሎኑ ቲቪ፣ ለስልኮችና ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ማድረስ ነው። ያደርሳል። ፊልሙ ይከፈታል፣ አይቆራረጥም፣ ከቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህኛው ወገን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የሚያናድደው የአማርኛው ሰብታይትል ነው። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚነበበው ያው ፋይል ቲቪው ላይ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አንዱ ፊልም ይነበባል፣ ሌላው አይነበብም። ሻጭ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሌላ አውርድ ወንድሜ።» ፋይሉ ምንም አልሆነም። ይህን የሚነግር ሻጭ ስላላየሁ እዚሁ ልዘርዝረው፤ ትግርኛም ሆነ ሌላ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ጣጣው አንድ ነው።

ነገሩ ያለው ፊደሉን የሚስለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሦስት ሰዓሊ አለ። የመጀመሪያው ማጫወቻው ራሱ ነው። ተራ ኤስአርቲ ፋይል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩ እንዳለ ይልከዋል፣ ስልኩ ወይም ቲቪው በራሱ ፎንት ይጽፈዋል። አንድሮይድ ስልክ የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት አብሮት ይመጣል፣ የአፕል ዕቃዎች ከፋ የሚባለውን ይዘዋል፣ ዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኢብሪማ አለው። ስለዚህ እነዚህ ላይ ችግር የለም። አንዳንድ የቲቪ አምራች ግን ፎንቱን ይቆርጣል፤ ከሚቆረጡት ውስጥ የእኛም ፊደል ሊኖርበት ይችላል። ፎንት የሌለው ዕቃ ለማያውቀው ፊደል ሁሉ ሳጥን ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ሰዓሊ በብሮውዘር ሲታይ የሚመጣ ነው። ሰብታይትሉ ኤኤስኤስ ከሆነ፣ ማለትም ቀለም፣ ቦታና የፎንት ስም የተጻፈበት ዓይነት ከሆነ፣ የጄሊፊን የዌብ ማጫወቻ የኮምፒውተሩን ፎንት ትቶ በራሱ መሣሪያ ይስለዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ኒያላ መኖሩ እዚህ አይረዳም። ላፕቶፑ አንዱን አንብቦ ሌላውን እምቢ የሚለው በዚህ ነው፤ የሚነበበው ኤስአርቲ፣ የማይነበበው ኤኤስኤስ ነው።

ሦስተኛው ሰርቨሩ ነው። ማጫወቻው ሰብታይትሉን መሳል ካልቻለ ሰርቨሩ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አዋህዶ፣ ቪዲዮውን እንደ አዲስ እየሠራ ይልካል፤ ይህ «ማቃጠል» ይባላል። ያኔ የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ላይ የተጫነ ፎንት ነው። ስክሪን የሌለው ዴቢያን ደግሞ ሲጫን የግዕዝ ፎንት የለውም። ጄሊፊንን በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያሠራው መሣሪያ፣ ያስገባ ሰው ይባስ ብሎ ሆስቱ (ዋናው ማሽን) ላይ ፎንት ጭኖም ሳጥን ያያል፤ ኮንቴይነሩ የሆስቱን ፎንት አያይምና።

ከመጠገኑ በፊት የበሽታውን መልክ ለዩ። ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንት ነው የጎደለው፣ ፋይሉን አትንኩት። ምልክት የተጫነባቸው የላቲን ፊደሎች ዝብርቅ ከሆነ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ አንባቢው በሌላ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ ስልት) እያነበበው ነው፤ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ከፍቶ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መልሶ ማስቀመጥ ይበቃል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን አለቀ፤ አንድ ሰው በድሮ ኖትፓድ አንሲ ብሎ አስቀምጦት ፊደሉ ጠፍቷል፣ ዋናውን ፋይል ከመፈለግ ሌላ መፍትሔ የለም። አራተኛም አለ፤ ፋይሉ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደሎችና ሥርዓተ ነጥቦች ድርድር ሲሆን። ይህ ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ደረጃ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ቢሆንም፣ ብዙ ማተሚያ ቤትና ቪዲዮ ቤት ከዚያም በኋላ ለዓመታት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚስሉት ፎንቶች ሲጽፍ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ጄሊፊን ላይ የምትነካኩት ነገር አይፈውሰውም።

ጥገናው እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ፎንትስ-ኖቶ-ኮር የሚባለውን የዴቢያን ጥቅል ጫኑ፤ የኖቶ ሳንስና ሰሪፍ ኢትዮፒክ በውስጡ አሉ። አቢሲኒካ የሚወድም ለብቻው በጥቅል ያገኘዋል። ዶከር ከሆነ የሆስቱን የፎንት ፎልደር ለኮንቴይነሩ በንባብ ብቻ አካፍሉትና ኮንቴይነሩን እንደገና አስነሱ። ይህ ሦስተኛውን ሰዓሊ ያስተካክላል።

ለብሮውዘሩ ደግሞ የጄሊፊን ዳሽቦርድ (የአስተዳዳሪው ገጽ) ውስጥ ፕሌይባክ፣ ከዚያ ትራንስኮዲንግ የሚለውን ክፈቱ። የምትክ ፎንት ፎልደር የሚጠይቅ ቦታና እሱን የሚያበራ ምልክት አለ። ባዶ ፎልደር ሠርታችሁ የኖቶ ኢትዮፒክን ሬጉላር ፋይል ብቻ አስገቡ። ያገኛችሁትን ፎንት ሁሉ አትጫኑበት፤ የፎልደሩ ጠቅላላ ጣሪያ 20 ሜጋባይት ነው፣ ደግሞም ፎንቱ በተመልካቹ ኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ፎልደሩን ጄሊፊን የሚሠራበት ተጠቃሚ ማንበብ መቻሉን አረጋግጡ፤ ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖ ሳጥኑ አልጠፋ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ፈቃድ ነው።

ፎንት የሌለው ቲቪ በዘዴ ነው የሚሸነፈው። ኤስአርቲውን በሰብታይትል ኤዲት ወደ ኤኤስኤስ ቀይሩ፣ ስታይሉ ላይ የፎንቱን ስም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። ከዚያ ቲቪው ላይ ባለው የጄሊፊን አፕ የሰብታይትል ማስተካከያ ገብታችሁ ሰብታይትል ይቃጠል የሚለውን «ሁሉም ውስብስብ ዓይነቶች» ላይ አድርጉ። አሁን ጽሑፉን የሚስለው ሰርቨሩ ነው፣ ለቲቪው የሚደርሰው ምስል ብቻ ነው፤ ፎንት ኖረው አልኖረው ግድ የለም። ለሚወደድ ፊልም ከዚህም የተሻለ አለ፦ በኤምኬቪቱልኒክስ ፊልሙን፣ ኤኤስኤሱንና የፎንቱን ፋይል በአንድ ኤምኬቪ አያይዙ። ፎንቱ ከፊልሙ ጋር ስለሚሄድ ሰርቨር ብትቀይሩም አይለያይም።

ይህ ማቃጠል ነው ኤን100ን መግዛቴን ያስመሰገነው። ሰብታይትል ሲቃጠል ቪዲዮው በሙሉ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ሰርቨሩ ላይ የሚወድቀው ሥራ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ይህ 6 ዋት የተባለ ቺፕ ኩዊክ ሲንክ (ቪዲዮ የሚሠራ የኢንቴል ክፍል) ስላለው ኤች264ና ኤችኢቪሲ የተባሉትን የቪዲዮ ዓይነቶች በግራፊክስ ክፍሉ ይጨርሳቸዋል፤ ኤቪ1 የተባለውንም ይፈታል፣ መሥራት ግን አይችልም። ይሁንና ራሱ አይበራም። ጄሊፊን የሚሠራበትን ተጠቃሚ ሬንደር የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ማስገባት፣ በዶከር ከሆነ የግራፊክስ መሣሪያውን ለኮንቴይነሩ ማካፈል፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ኩዊክ ሲንክን መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ አራቱ ኮሮች ያለ እገዛ ይጋጋጣሉ፣ ባለ ሰብታይትሉ ፊልምም መንተባተብ ይጀምራል። ሰው «ጄሊፊን ይቆራረጣል» የሚለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

እዚህ ላይ «ለምን ደህና ናስ (በኔትወርክ የሚሠራ የፋይል ማከማቻ) አልገዛህም፣ ዲስኩም ውስጡ ነው፣ ብራንድም ነው» የሚለው ሻጭ ብቅ ይላል። ወንድሜ፣ ርካሾቹ ባለ ሁለት ዲስክ ናሶች ብዙዎቹ በአርም ፕሮሰሰር የሚሠሩ ናቸው። ፋይል ለማስቀመጥ ጎበዞች ናቸው፤ የአማርኛ ሰብታይትል አቃጥል ሲባሉ ግን ይንበረከካሉ። ካርቶኑ ላይ «4 ኬ» የሚለው ፋይሉን ሳይነካ ማሳለፍ ይችላል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ችግር ደግሞ መንካት የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው ሻጭ «ፕሌክስ ይሻልሃል» ባይ ነው። ፕሌክስ እንደ ጄሊፊን ያለ የቪዲዮ ሰርቨር ነው፤ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2025 ጀምሮ የራስን ቪዲዮ ከቤት ውጭ ማየት ክፍያ የሚጠይቅ ሆኗል፤ የዕድሜ ልኩ ክፍያ፣ ፕሌክስ ፓስ የሚባለውም፣ በዚያው ጊዜ ከ119.99 ወደ 249.99 ዶላር ወጣ። የራሴን የሰርግ ቪዲዮ ለእህቴ ለማሳየት በዶላር ልክፈል? ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ የተባለው የቪዲዮ ሰርቨር ኮዱን ሲዘጋ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ከቤት ውጭ ለማየት የሚያስከፍለው የለም።

ከቤት ውጭ ማየቱ ራሱ ግን በነጻ አልመጣም። ብዙ የቤት መስመር የራሱ የሕዝብ አይፒ የለውም፣ አቅራቢው አንዱን አይፒ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል። ስለዚህ ራውተር ላይ ፖርት መክፈት ከንቱ ልፋት ነው። ቴይልስኬል፣ ማለትም የተራራቁ ዕቃዎችን በአንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ሰርቨሩና የዘመድ ስልክ ላይ ተጭኖ ነገሩ ተቋጨ። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የውጭ ቢትሬት (በሰከንድ የሚላክ ዳታ) ገደብ ማበጀት ግድ ነው፤ በ4 ሜጋቢት የሚሄድ ፊልም በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይበላል፣ በ1.5 ሜጋቢት ግን 675 ሜጋባይት ያህል። በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው። የቴይልስኬል አድራሻ የሚጀምረው በ100 ስለሆነ ጄሊፊን እንደ ውጭ ይቆጥረዋል፣ ገደቡም ይሠራል።

ከሰብታይትሉ የማያንስ ሌላ ማናደጃ ፍለጋው ነው። «ፀሐይ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉ ምንም አይመጣም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ ለእኛ አንድ ድምፅ፣ ለማሽኑ የተለያየ ፊደል። መውጫው ቀላል ሆኖ ሳለ የትም ተጽፎ አላየሁትም፦ ጄሊፊን ሲፈልግ ከርዕሱ ሌላ ኦሪጅናል ታይትል የሚለውንም ያነባል። ርዕሱን በአንድ አጻጻፍ፣ ኦሪጅናል ታይትሉን በሌላው ሙሉት፤ ከኋላው በላቲን ፊደል ጨምሩበት፣ በስልክ አማርኛ ኪቦርድ ያልጫነ ዘመድም ያገኘዋል። የአገር ውስጥ ፊልሞችና ድራማዎች ያሉበትን ላይብረሪ ደግሞ ከኢንተርኔት መረጃ እንዳያወርድ ዝጉት። አለዚያ ስሙ የተቀራረበ የባዕድ ፊልም ፖስተር ለጥፎ ቁጭ ይላል፤ ፖስተር በሚል ስም የራሳችሁን ምስል ፊልሙ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

ቪዲዮ ቤት የሚሰጠው የሰርግ ዲቪዲ ኤምፔግ-2 ነው፣ 720 በ576፣ መስመሩ ጎዶሎና ሙሉ እየተባለ የተከፈለ። ብሮውዘር አያነበውም፣ ሰው ሲጨፍርም ጠርዙ ማበጠሪያ ይመስላል። በየጊዜው ሰርቨሩን ከማስለፋት አንድ ጊዜ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ወደ ኤች264 ቀይሩት፤ ጥራቱን ከ18 እስከ 20 መካከል፣ ዲኢንተርሌሱን (የተከፈለውን መስመር መልሶ ማዋሃጃውን) ቦብ የሚለው ላይ፣ የፍሬም ፍጥነቱን 50 ላይ አድርጉ፣ በሰከንድ 50 ፍሬም ይወጣል፣ ጭፈራውም ይለሰልሳል። ዋናውን አትጣሉ።

ስለ መብራት፦ ባዮስ ላይ ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ፣ ውጫዊውን ዲስክ በኤክስፋት ሳይሆን በኤክስት4 ፎርማት ማዘጋጀት፣ ትንሽ ዩፒኤስ። ማሽኑ የሚጠጣው ትንሽ ስለሆነ ዩፒኤሱ ትልቅ መሆን የለበትም።

ታዲያ ይመለስ ወይ? ሚኒ ፒሲው አይመለስም። የሚመለስ ነገር ቢኖር ቲቪው ነበር። አዲስ ቲቪ ወይም የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ልትገዙ ከሆነ በፍላሽ አንድ አጭር ቪዲዮና ከእሱ ጋር ስሙ አንድ የሆነ ኤስአርቲ ይዛችሁ ሱቅ ግቡ። ኤስአርቲው ውስጥ ተራውን ፊደል ብቻ አትጻፉ፤ ኋ፣ ኳ፣ ጧ፣ ቷ፣ ቨ፣ ደግሞ ፡ ። ፣ ፤ እና ፩ ፪ ፫ ጨምሩ፤ ሀ ለሐን ይዞ እነዚህን የማይዝ ፎንት አለና። ሻጩ «ሁሉንም ቋንቋ ያነባል» ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ፍላሹን ሰክቶ ያሳይ።