«የዕድሜ ልክ ፕሮ አካውንት» ለምትገዙ የድሬ ልጆች፦ ብራችሁን ያዙ

ሰሞኑን ድሬ ላይ የሚቸበቸብ ነገር አለ። ገበያው አሸዋ ወይም ታይዋን አይደለም፣ ቴሌግራም ነው። ሻጩ «የሮል 20 የዕድሜ ልክ ፕሮ አካውንት» ይለዋል። ለጨዋታው መሪ 1,500 ብር፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ደግሞ 400 ብር። በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ኢሜይልና ፓስወርድ ይመጣላችኋል። ሳቢያን ያሉ የሰፈራችን ልጆች ተዋጥተው ገዙ። አንድ መሪ፣ አራት ተጫዋች፣ በድምሩ 3,100 ብር። አሁን አካውንቱ አይከፈትም፣ ሻጩም ድራሹ ጠፍቷል።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የሚና ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይገባሉ። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ያለ ሰው ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጥላል፣ መሰበር አለመሰበሩን ቁጥሩ ይወስናል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጀምሮ ሰው ጠረጴዛ ከቦ ሲጫወተው ኖሯል። ዛሬ አንዱ ጓደኛ ድሬ፣ ሌላው ሐረር፣ ሌላው አዲስ አበባ ስለሆነ ጠረጴዛው ራሱ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ማፑ፣ ቶክኑ (ማፑ ላይ ገጸ ባሕርይውን የሚወክለው ምልክት)፣ ዳይሱ ሁሉም ስክሪን ላይ ነው። ሮል 20 ከነዚህ ሶፍትዌሮች አንዱ ነው።

እና ሮል 20 ለመጀመር ነጻ ነው። ሶፍትዌር አውርዱ የሚል ነገርም የለውም፣ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል። መሪው በራሱ ኢሜይል አካውንት ይከፍታል፣ ጨዋታ ይፈጥራል፣ ሊንኩን ለጓደኞቹ ይልካል። እነሱም በነጻ አካውንታቸው ይገባሉ። ተጫዋች ለመግባት አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ሰውዬው ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ በነፍስ ወከፍ 400 ብር ይሰበስባል። አቦ፣ ይሄ የከዚራን ዛፍ ጥላ በሰዓት እንደ ማከራየት ነው!

የሚከፈልበት ደረጃ የለም አልልም፣ አለ። ማስታወቂያ ያጠፋል፣ ለፋይል ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ግን ክፍያው በወር ወይም በዓመት ነው። «የዕድሜ ልክ» የሚባል ነገር የለም። ይህን ቃል ካያችሁ ሌላውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሻጩ አንድ አካውንት ይከፍታል፣ የወር ክፍያ ይከፍልበታል፣ ያንኑ ፓስወርድ ለመጣው ሁሉ ይሸጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ሲገቡ የማያውቋቸው ሰዎች ጨዋታ ተደርድሮ አይተው ነበር። ሲጠይቁት «ሲስተሙ እንደዛ ነው» አላቸው። ልብ በሉ፣ እውነተኛ ክፍያ ቢያልቅ አካውንቱ ወደ ነጻው ደረጃ ይመለሳል እንጂ አይዘጋም። «ፓስወርዱ ትክክል አይደለም» ካላችሁ ሻጩ ቀይሮት ነው። ቢጽፉለት ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ከዚያ ብሎክ።

ከብሩ በላይ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከልጆቹ አንዷ ከጀጎል የወጣች ቀስተኛ ፈጥራ ነበር። የየትኛው በር ልጅ እንደሆነች፣ ወንድሟ ለምን እንደጠፋ፣ ቀስቷን ማን እንደሰጣት ሁሉንም እዚያው አካውንት ላይ ነው የጻፈችው። ሌላ ቦታ አልያዘችውም። ጨዋታው የተፈጠረው በሰውዬው አካውንት ስለሆነ ከነማፑ ከነገጸ ባሕርያቱ ውሃ በላው።

ሁለተኛው የሻጮቹ ዕቃ «ፋውንድሪ ከነላይሰንሱ በ1,200 ብር» ነው። ፋውንድሪም እንደ ሮል 20 የጨዋታ ጠረጴዛ ነው፣ ጥሩ ሶፍትዌር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ። እውነትም ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ አንዴ ትገዙታላችሁ። የሚገዛውም መሪው ብቻ ነው፣ ተጫዋቾቹ በብሮውዘር ይገባሉ። ዋጋው ግን 50 ዶላር ነው። እስቲ አካፍሉት፣ ዶላሩን በ24 ብር ሸጠላችሁ ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ስንት እንደገባ ድሬ ላይ ያለ የሱቅ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ዋጋ የሚመጣው ወይ ክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ኮፒ) ነው፣ ወይ ለብዙ ሰው የተሸጠ ቁልፍ ነው። ክራኩን ስትጭኑ «አንቲቫይረስ አጥፉ» ይላሉ። አጥፍቶ የጫነ ሰው ላፕቶፑ ላይ ምን አብሮ እንደገባ በምን ያውቃል?

በእውነተኛ ዋጋው ለሚገዛም ሰው አንድ ነገር ላክል፣ ሻጮቹ ስለማይነግሯችሁ። ፋውንድሪ የሚሠራው መሪው ኮምፒውተር ላይ ነው። ጓደኞቻችሁ ከውጭ እንዲገቡ ኮምፒውተራችሁ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚገኝ መሆን አለበት። በሞባይል ዳታ ይሄ ብዙውን ጊዜ አይሆንም፣ ስለዚህ የሰርቨር ኪራይ ወይም ሌላ መላ ሊያስፈልግ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ ጠረጴዛው ከነሰዎቹ ይሄዳል። ለጀማሪ አልመክረውም።

«ሴትአፕ እናደርግላችኋለን» ብለው ኤኒዴስክ አስጭነው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ለመግባት የሚጠይቁም አሉ። ሌሎቹ ስልካችሁ ላይ የመጣውን የጂሜይል ኮድ ላኩ ይላሉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በዚያ ኮድ የሚገባው ጨዋታው ውስጥ ሳይሆን ኢሜይላችሁ ውስጥ ነው። ኮድ ለማንም፣ ለማንም አይላክም።

«ሙሉ የሕግ መጽሐፍ ፒዲኤፍ» ተብሎ በ300 ብር የሚሸጠውንም ተዉት። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕግ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቅቋል። ሮል 20 ውስጥም ያለ ክፍያ ይገኛል። ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚሸጥ ይገባኛል። አብዛኞቻችን በዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም። ደላላው የሚበላው በዚህች ክፍተት ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሰው ሰው ያምናል፣ «የሰፈር ልጅ ነኝ» ካለ አለቀ። ግን ካርድ የሌለው ሰው ካርድ የማይጠይቀውን መጠቀም ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ጀምሩ። መሪው ላፕቶፕ ካለው ሮል 20ን በነጻ ይክፈት። ነጻው የፋይል ቦታ 100 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የማፕ ምስሎችን አሳንሳችሁ ጫኑ፣ ዳታም ይቆጥባል። ዳይስ ለመጣል ቻቱ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ አለ፣ ቁጥሩን ሁሉም እኩል ያያል፣ ማጭበርበር የለም። ድምፅ ለማውራት የቴሌግራም ግሩፕ ጥሪ ይበቃል፣ ቪዲዮውን አጥፉት። ተጫዋቾቹ ስልክ ብቻ ካላቸው የሮል 20 ጠረጴዛ በትንሽ ስክሪን ያስቸግራል። እንዲህ ሲሆን አውልቤር ሮዲዮን ሞክሩ። መሪው ብቻ አካውንት ይከፍታል፣ ሌላው በሊንኩ ዝም ብሎ ይገባል። ነገር አያበዛም፣ ማፕና ቶክን ነው፣ እኔ እንዲያውም ለመጀመሪያ ጨዋታ እሱን እመርጣለሁ።

ከከፈላችሁ በኋላ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የቴሌብር መልእክቱንና የቻቱን ስክሪንሾት አታጥፉ፣ ለፖሊስ የምታመለክቱ ከሆነ ያስፈልጋል። ኮድ ልካችሁ ከነበረ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ አሁኑኑ ቀይሩ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ። ኤኒዴስኩንም አራግፉት። ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ፓስወርድ ከተጠቀማችሁ ያም ይቀየር።

የገዛችሁት አካውንት ገና የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ግቡና የገጸ ባሕርያችሁን ገጽ አንድ በአንድ ስክሪንሾት አንሱ፣ ረጅሙን ታሪክ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ማፖቹንም አውርዱ። ለሻጩ ምንም አትጻፉለት፣ ፓስወርዱን የሚቀይረው ያኔ ነው።