የልጄ ትምህርት ቤት የምክር ቢሮ፦ ጎበዝ አማካሪ፣ ረጅም ወረፋ

እኔ ተማሪ እያለሁ «ቢሮ ትፈለጊያለሽ» ከተባልኩ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ወላጅ አምጪ ማለት ነዋ! ስለዚህ የምክር ቢሮ ለአጥፊዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ልጄን ሒሳብ ከበዳት። ማታ ማታ ታለቅስ ጀመር። ቸግሮኝ ይዣት ሄድኩ።

አማካሪዋ ጠረጴዛዋን ትታ ከልጄ ጎን ተቀመጠች። ስለ ውጤት አላነሳችም። «ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?» አለቻት። እኔ እናቷ ይህን ጠይቄያት አላውቅም። ቀጥላም የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል፣ አንቺን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ዝም አልልም አለቻት። ከዚያ እኔን በትህትና አስወጣችኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ ከፍቶኛል።

ከሒሳብ መምህሩም ጋር ተነጋግራ፣ በቀን 40 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ የጥናት ፕሮግራም አወጣችላት። ስልኩ ሌላ ክፍል ያድራል። ውጤቷ ሰማይ አልነካም፤ ለቅሶው ግን ቀረ።

ቅሬታዬ ወረፋው ነው። ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠበቅን። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ይላል። እዚህ አንዲት ሴት ከ600 በላይ ተሸክማለች። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የአስተዳደሩ ነው።

በሩም በደንብ አይዘጋም። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ግማሹን ሰምቻለሁ። እባካችሁ አናጢ ጥሩ።