ስምንት ወር ከግንባር ባትሪዬ ጋር፦ እፉኝት ፊት ብርሃኑ የወረደብኝ ሌሊት

ይሄን ግምገማ እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባትሪውን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖኛል፣ በሳምንት አንዴ አንዳንዴም ሁለቴ ሌሊት በረሃ መንገድ ላይ እባብ ፍለጋ ስወጣ ግንባሬ ላይ የማስረው እሱን ነው፣ እንዴት ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ አሪፍ ነው ግዙት እያልኩ ከርሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቀንዳም እፉኝት ፊት ቁጭ ብዬ ብርሃኑን በራሱ ጊዜ አወረደብኝ። ከዛች ሌሊት በኋላ ግዙት ማለት አልቻልኩም፣ ቀድሞ በኔ ምክር የገዛችሁትም ይሄን ማወቅ አለባችሁ።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አሸዋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አስፋልቱ ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ለሰዓታት ይዞት ይቆያል። ቀኑን ከሙቀት ተደብቀው የዋሉ እባቦች ሲጨልም ይወጣሉ፣ አንዳንዱ መንገዱን ለማቋረጥ አንዳንዱ ሆዱን አስፋልት ላይ ለማሞቅ። እኛ ደግሞ መኪናዋን በሰዓት 30 ቢበዛ 40 ኪሎሜትር እያስኬድን ዓይናችንን መንገዱ ላይ ተክለን እንሄዳለን። አዲስ ነገር አይደለም፣ ላውረንስ ክላውበር የሚባል ሳንዲያጎ የሚኖር የመብራት ኩባንያ መሐንዲስ ገና በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ሌሊት እየነዳ ያገኘውን እባብ ሁሉ ይመዘግብ ነበር፣ በ1939 አሳትሞታል። የመብራት ሰው መሆኑ ሁሌ ደስ ይለኛል፣ የዚህ ሥራ ግማሹ ብርሃን ነውና።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል አይደል፣ እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጥ መኪና እናቆማለን። የተበጠሰ ቺንጋ፣ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ፣ ገመድ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ከሩቅ እባብ ይመስላል። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ቆመህ አንዴ ብቻ እውነተኛ ብታገኝ ያ ጥሩ ሌሊት ነው። የመኪናው መብራት የሚያገለግለው እስከዛ ድረስ ነው፣ ከወረድክ በኋላ የመንገዱን ዳርና ቁጥቋጦውን የምታየው በያዝከው ባትሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ባትሪ ለኛ ተጨማሪ ዕቃ አይደለም፣ እግራችን የት እንደሚያርፍ የሚነግረን እሱ ነው።

ወደዛች ሌሊት ልመለስ። ንፋስ የለም፣ ሙቀቱ 33 ዲግሪ፣ ጨረቃም የለችም። ጓደኛዬ ሃዛርዱን አብርቶ መኪናው ጋ ቀረ፣ እኔ አሸዋው ላይ ያየሁትን ዱካ ተከትዬ ወረድኩ። ዱካው ጎን ለጎን የተደረደሩ የተነጣጠሉ መስመሮች ናቸው፣ አንዳቸው ከሌላው ጋር አይገናኙም፣ ምክንያቱም ቀንዳም እፉኝት ለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ ፊት አይሳብም፣ ጎኑን እያነሳ እየጣለ ነው የሚሄደው። የሚገርመው ይሄንኑ አካሄድ በሰሜን አሜሪካ በረሃ ያለ አንድ ባለቀንድ እባብና በናሚብ በረሃ ያለች ትንሽ እፉኝት ያውቁበታል፣ ሦስቱም በየፊናቸው ነው ያገኙት። ዱካው አንዲት ቁጥቋጦ ሥር ሲደርስ ጠፋ። ባትሪውን ትልቁ ደረጃ ላይ አደረግኩት፣ 1200 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ አሸዋው ቀን መሰለ፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብዬ ቁጭ አልኩና መፈለግ ጀመርኩ።

አገኘሁት። ሰውነቱ በሙሉ አሸዋ ውስጥ ነው፣ ላይ የቀሩት ሁለት ቀንዶችና ሁለት ዓይኖች ብቻ ናቸው። አንደኛው ዓይኑ ላይ አንዲት ፍሬ አሸዋ ተቀምጣለች፣ እባብ የሚከደን ቆብ የለውም፣ ዓይኑን የሸፈነው መስታወት የመሰለ ቅርፊት ነው፣ ስለዚህ አያርገበግብም፣ አሸዋዋም ዝም ብላ እዛው አለች። የዓይኑ ብሌን በብርሃኑ ጠብቦ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንደዚህ አድርጌ አይቼ አላውቅም። ካሜራዬን ለማውጣት ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስከት ብርሃኑ ወረደ። አልጠፋም፣ ወረደ። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ምልክት ሳይሰጥ። ከትልቁ ወደ ታች በአንዴ ወርዶ ዓይኔ ፊት የነበረው አሸዋ ቡናማ ጥላ ሆነ፣ ቀንዶቹ የሉም፣ ዓይኖቹ የሉም፣ ቁጥቋጦዋ እንኳን የት እንደነበረች አጣሁ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ፣ የጋለ ብረት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚሰማው ዓይነት ነው። እፉኝቱ ሰውነቱን ጠምዝዞ የጎኑን ሻካራ ቅርፊቶች እርስ በርስ እያፋተገ ነበር፣ ራቅ በል ማለቱ ነው። ከአሸዋው ወጥቷል ማለት ነው። ግን በየት በኩል?

አልተንቀሳቀስኩም። ምናልባት አራት ሰከንድ፣ ምናልባት ስድስት። ዓይኔ ሲለምድ እዛው ነበር፣ ተጠቅልሎ ራሱን አንስቶ፣ ወደኔም አልመጣም፣ እፉኝት ሰው አያሳድድም። ሁለት ሜትር ርቀት መጠበቄ ነው ያዳነኝ እንጂ ባትሪዬ አይደለም። ፎቶ አላነሳሁም፣ ቀስ ብዬ ተነስቼ ወደ ኋላ ወጣሁ፣ መኪናው ውስጥ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ መከላከያ ነው፣ ሲሞቅ ራሱን ይቀንሳል» ይለኛል። እሺ፣ እሱስ እውነት ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው ትንሽ አምፖል፣ ኤልኢዲ፣ ከሚወስደው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ይቺ አውራ ጣት የምታክል አሉሚኒየም ደግሞ ያን ሁሉ ሙቀት የምታስወጣበት ስፋት የላትም፣ ውስጧ ያለው ሴንሰር ካልቀነሰው ይቃጠላል። ገብቶኛል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ይሄን ካወቅክ ለምንድነው ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1200 ሉመን ብለህ ከጎኑ የሥራ ሰዓቱን የጻፍከው? እዛ ላይ ያየሁት 2 ሰዓት ይላል። ማንም ጤነኛ ሰው ሲያነበው 1200 ሉመን ለ2 ሰዓት ነው የሚገባው። እኔ ከዛች ሌሊት በኋላ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዤ ለካሁት፣ ንፋስ በሌለበት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ሁለት ሰዓት የተባለው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆነ!

«ስታንዳርዱ ነው» ይለኛል ደግሞ። አዎ፣ ስታንዳርዱን ፈልጌ አነበብኩት፣ ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል 1 ይባላል፣ የባትሪ ብርሃን እንዴት እንደሚለካ የሚወስን የአሜሪካ ደንብ ነው። ሉመኑ የሚለካው ባትሪው በበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ የሥራ ሰዓቱ ደግሞ ብርሃኑ ወደ 10 ፐርሰንት እስኪወርድ ድረስ ይቆጠራል። አያችሁት? ሁለት ደቂቃ አብርቶ ወዲያው ወደ ሩቡ ቢወርድና በዛው ሩብ ሁለት ሰዓት ቢያዘግም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ውሸት አልተጻፈም፣ ግን እኔን የሚመለከተኝ ነገርም አልተጻፈም። እኔ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው፣ በሞቃት ሌሊት ሳይወርድ እስከ መጨረሻው ይዞት የሚቆየው ስንት ነው የሚለውን።

«ቢወርድስ ሩቡ አይበቃህም?» ካልከኝ ደግሞ፣ ይበቃኛል፣ ከመጀመሪያው ሩቡ ላይ ቢሆን። ችግሩ ዓይን ነው። ትልቁ ብርሃን ላይ ዓይንህ ይለምድና ድንገት ሲወርድ ለጥቂት ሰከንድ ታውራለህ፣ ሙሉ ጨለማ ለመልመድማ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጃል። ቁልፍ ፍለጋ ላይ ይሄ ምንም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የእባብ ንክሻን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ስለሚሞት ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ፈልጎ አይደለም የተነከሰው፣ ብዙው ሳያይ ረግጦ ነው። ብርሃን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚወርድበት ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሸጥም። ቢያንስ ከመውረዱ በፊት አንዴ ብልጭ ቢልልኝ ምን ነበረበት?

ልመልሰው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ካርቶኑን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያልመለስኩት በሁለት ነገር ነው።

አንዱ የብርሃኑ ቀለም ነው። በፊት የነበረኝ ባትሪ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነበር፣ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል)፣ በሱ ስታይ አሸዋውም ድንጋዩም እፉኝቱም አንድ ዓይነት አመድ ይሆናሉ። ይሄኛው 5000 ኬልቪን ነው፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው ሲአርአይ ከ90 በላይ፣ የአሸዋው ቢጫና የእፉኝቱ ጀርባ ላይ ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ተለያይተው ይታያሉ። በዚህ ስምንት ወር ያገኘኋቸው ጥቃቅን እባቦች ግማሾቹን በድሮው ባትሪ አልፌያቸው እሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ከተናደድኩ በኋላ ነው። ሁለተኛው ደረጃ 300 ሉመን ነው፣ እሱ አይወርድም፣ አምስት ሰዓት ከምናምን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በ300 ስሠራ ከግንባሬ ላይ ደከም አለብኝ፣ ከማሰሪያው ፈታሁትና በእጄ ይዤ ጉልበቴ አካባቢ ዝቅ አድርጌ ወደ ፊት አበራሁት። እንዴ! መንገዱ ሌላ መንገድ ሆነ። እያንዳንዷ ጠጠር ከኋላዋ ረጅም ጥላ ጣለች። ነገሩ ቀላል ነው፣ ብርሃኑ ዓይንህ አጠገብ ሲሆን ጥላው ከዕቃው ኋላ ይደበቅና አይታይህም፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ይመስላል። የሸረሪት ዓይን ለመፈለግ ግንባር ጥሩ ነው፣ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያበራ አሸዋው ላይ እንደ ጤዛ ብልጭ ብልጭ ይላል። የእባብ ዓይን ግን እንደ ድመት አያበራም፣ እባብን የምታገኘው በቅርጹና በጥላው ነው። እና ከታች በጎን በኩል የመጣ 300 ሉመን ከግንባር ከሚወርድ 1200 ይሻላል። ለካ ስምንት ወር ሙሉ ትልቁን ደረጃ ስጠቀም የነበረው ሳያስፈልገኝ ነው። በሦስተኛው ምሽት በዚሁ አያያዝ የመንገዱ ዳር ላይ እርሳስ የምታክል ቀጭን እባብ ከአሥር እርምጃ አየሁ፣ ያየሁት እሷን ሳይሆን ጥላዋን ነው።

ሌላው ሌላው ደህና ነው። 18650 የሚባለው ድንጋይ የትም ይገኛል፣ ሁለት ትርፍ ይዤ እወጣለሁ። ማሰሪያው ላብ ይጠጣል ግን ይታጠባል። የቻርጅ ቀዳዳውን የሚከድነው ላስቲክ ላልቷል፣ አሸዋ ይገባበታል፣ በጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ። አይፒ67 ነው ስለተባለ አቧራ አያስገባም ማለት ነበር፣ ላስቲኩ ካልገጠመ ግን ቁጥሩ ምን ያደርጋል።

ልትገዙት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብቻችሁን አትውጡ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚሸፍን ጫማ አድርጉ፣ ሁለተኛ ባትሪ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ እጃችሁን የማታዩበት ቦታ አታስገቡ፣ ለፎቶ ብላችሁም እባቡን አትንኩት። ሰው ቢነከስ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የለም፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ሐኪም ቤት ነው። አስፋልት ላይ ስትቆሙ ደግሞ ከእባቡ በላይ የሚመጣውን መኪና ፍሩ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ።

ትልቁን ደረጃ ግን ረስቼዋለሁ፣ ቁልፉ ሁለቴ ከተነካ ወደሱ ስለሚሄድ እንኳን ይጨንቀኛል፣ ተሳስቼ ያበራሁት እንደሆነ ወዲያው አጠፋዋለሁ። ዛሬ ብገዛ ይሄን አልገዛም፣ 600 ሉመን ብሎ ያንኑ 600 ሌሊቱን ሙሉ የሚይዝ፣ ቀለሙ እንደዚህ የሆነ ካገኘሁ ነው የምገዛው። እስከዛ ይሄው ነው፣ ከማሰሪያው ተፈቶ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ ጉልበቴ አጠገብ። ካርቶኑም ገና ጠረጴዛው ላይ ነው።