የፒክስ ከረጢት፦ ከጥር እስከ ነሐሴ ማሽላ አስቀምጠን ያየነው

ይሄን ከረጢት መጠቀም ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው፣ እስካሁን ያልጻፍኩት የእህል ማስቀመጫ በአንድ ወር ስለማይታወቅ ነው፣ ክረምቱን ካላለፈ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ቤተሰቦቼ ግን ቃሉ ወረዳ ከሐርቡ አለፍ ብሎ ገጠር ናቸው፣ ማሽላና ማሾ ያመርታሉ ጤፍም ትንሽ። አገሩ ቆላ ስለሆነ ነቀዝ በጣም ይፈላል፣ ማሾማ ከአውድማ ሲገባ ጀምሮ ነው የሚነቅዘው።

ለማያውቀው ሰው፣ ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ነው። ውጩ እኛ ማዳበሪያ የምንለው ተራው ጆንያ ነው፣ ውስጡ ግን ወፈር ያሉ ሁለት ላስቲኮች አሉት፣ አንዱ አንዱ ውስጥ የገባ። ምንም መድኃኒት የለውም። እህሉን ትሞላለህ፣ አየሩን ትጨምቃለህ፣ ላስቲኮቹን ለየብቻ ጠምዝዘህ አጥፈህ ጥብቅ አርገህ ታስራለህ፣ ከዛ ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ ራሱ ሲተነፍስ ሲተነፍስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ኦክስጅን ሲያልቅበት መብላት ያቆማል፣ ሰውነቱ ውሃ የሚሠራው በኦክስጅን ስለሆነ ደርቆ ይሞታል። የሠሩት የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ ከካሜሩን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ላም አተር የሚባለውን እህል ነቀዝ እየጨረሰባቸው ለተቸገሩ ገበሬዎች ብለው።

አምና ታኅሣሥ ውቂያው እንዳለቀ ሦስት ባለ 100 ኪሎ ገዝቼ ይዤ ሄድኩ። አባቴ አልወደደውም። «እህል በላስቲክ ታፍኖ ነው እንዴ የሚቀመጠው፣ ይሻግታልኮ ልጀ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያልደረቀ እህል ከገባበት ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። ስለዚ መጀመሪያ ያደረግነው የጨው ሙከራ ነው፦ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ እህልና ደረቅ ጨው አድርጋችሁ በደንብ ትንጡታላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ታስቀምጡታላችሁ፣ ጨው ከጠርሙሱ ጎን ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው። የኛ የመጀመሪያ ቀን ተለጠፈ። ሦስት ቀን በሸራ ላይ አስጥተን ድጋሚ ስንሞክረው ጨው ወደታች ወረደ፣ ከዛ ነው ጥር መግቢያ ላይ የሞላነው፣ ሁለቱን ማሽላ አንዱን ማሾ። ለማነጻጸር ብለን አንድ ኩንታል ማሽላ በተራ ማዳበሪያ አጠገቡ አስቀመጥን።

ለምን ይሄን ያህል እንደለፋሁ ልንገራችሁ። አባቴ በየዓመቱ ጥር ላይ ነው የሚሸጠው፣ ነቀዝ ከሚበላው ብር ይሁን ብሎ። ጥር ላይ ግን ጎረቤቱም እንደዛው ስለሚያስብ ሁሉም እኩል ገበያ ይወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ከዛ ሐምሌ ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ ማሽላ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ይሄ ሰነፍነት አይደለም፣ ማስቀመጫ ስለሌለው ነው። ሌላው ምርጫ የነቀዝ መግደያ ክኒኑ ነው፣ ፎስቶክሲን የሚሉት፣ እሱ ደግሞ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ልጆች በሚተኙበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እህል መሀል እሱን መክተት ለኔ ሁሌም ያስፈራኛል።

ወሎ ላይ ስለ ረሃብ ቀልድ የለም። እኔ የ77ን ድርቅ አላየሁም ግን እናቴ ወሬው ሲነሳ ዝም ነው የምትለው፣ አያቶቼ ደግሞ ከሱ በፊት የ66ቱንም አይተዋል። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2015 ረሃብን በ2030 እናጠፋለን ብሎ ተስማምቷል፣ ተመድ ባወጣው ግምት ግን በ2024 የተራበው ሰው አሁንም ወደ 673 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ምርት መጨመር፣ የአፈር ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር ምናምን ነው፣ ያስፈልጋል አልቃወምም፣ ግን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ፋኦ በ2019 ሪፖርቱ ከዓለም ምግብ 14 በመቶ የሚሆነው ከታጨደ በኋላ ገና ችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል ብሏል። የታረሰ፣ የታረመ፣ ወፍ የተጠበቀ፣ የተወቃ እህል ማለት ነውኮ። ከዛ በላይ የሚያንገበግብ ነገር አላውቅም።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። ነሐሴ 10 ከፈትነው። በተራው ማዳበሪያ የነበረው ሲነካ ይተናል፣ ዱቄቱ ከታች ተቀምጧል፣ እፍኝ ስታነሱ ግማሹ ቀዳዳ ነው። ሁለቱ የፒክስ ማሽላ ግን ጥር ላይ እንደገባ ነው የወጣው፣ ቀለሙም አልተለወጠ፣ ጥቂት የሞተ ነቀዝ ብቻ ከላይ አገኘን። እናቴ አስፈጭታ ጋገረችው፣ የነቀዘ እህል እንጀራው ይመራል፣ ሽታም አለው፣ ይሄ ምንም የለውም፣ «የታኅሣሥ ማሽላ ነው የሚመስለው» አለችኝ። በዛ ክረምት ከገበያ ማሽላ አልገዛንም፣ አልሃምዱሊላህ።

ማሾው ግን ተበላሸ፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም። የውስጡ ላስቲክ ላይ ቀዳዳ ነበረው። የሸጠልኝ ሱቅ ሄጄ ሳሳየው ከሱቅ ከወጣ አይመለስም አለኝ፣ ስትገዛ ፈትሽ ያለኝም ሰው አልነበረም፣ እንዴት እንደሚታሰርም ያሳየኝ የለም። አንድ ኩንታል ማሾ ለገበሬ ቤት ስንት ነገር እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ስለዚህ ስትገዙ እዛው ላስቲኮቹን አውጡና አየር ሞልታችሁ አፉን ያዙት፣ ከጎን ከተነፈሰ አትውሰዱ። ላስቲኩ ሁለት መሆኑንም ቁጠሩ፣ ባለ አንድ ላስቲክም ገበያ ላይ አለ።

ሌላ ጉድለቱ አይጥ ነው፣ አይጥን አይችልም፣ ስለዚ መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት አንጥፋችሁ ከግድግዳ ራቅ አርጋችሁ አስቀምጡት፣ ዙሪያውንም ንጹህ አድርጉት። መጎተት የለበትም፣ ይቀደዳል። ደግሞ እየከፈቱ ትንሽ ትንሽ መቅዳት ጥሩ አይደለም ምክንያቱም አየር ይገባል፣ ለየዕለቱ የሚሆነውን ለብቻ ማውጣት ነው። ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ ብዙ እጥፍ ነው፣ ግን ካልተቀደደ በሚቀጥለው ዓመትም ይሠራል፣ የኛ ሁለቱ አሁንም ደህና ናቸው። ትልቁ ችግር ገጠር ድረስ አለመድረሱ ነው፣ ለአንድ ከረጢት ከተማ ድረስ ትራንስፖርት ከፍሎ የሚመጣ ገበሬ የለም።

ከረጢት ዝናብ አያመጣም፣ በኛ አቆጣጠር በ2013 ያየነውን ዓይነት አንበጣም አይመልስም፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን ተመርቶ ቤት የገባውን እህል እስከ ነሐሴ አቆይቶልናል፣ እኔ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ለቤተሰቤ የዚህን ያህል የጠቀመ የለም። ዘንድሮ ስድስት ነው የምገዛው። አባቴ ባለፈው ሲደውል ደግሞ ባለ 50 ኪሎውን ጨምርልኝ አለኝ፣ ለዘር የሚሆነውን ደጋሊት የሚባለውን የማሽላ ዓይነት ለብቻው ሊያስርበት።